ያለ ወዳጅነት ሰላምታ

ጥቅምት ፰

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ፤ ዓይንሽም ከመጽሐፍ ብዛት አይፍዘዝ። እኔ አለሁ። ጉልበቴም ወገቤም አፌም እንደነበሩ ናቸው። ከሦስቱ የማይደክመው የትኛው እንደሆነ አባትሽን ብትጠይቂው ይነግርሻል።

ከዚህ ጋር የላክሁልሽ ከምራቴ የመጣ ደብዳቤ ነው። ልጄን እዚያ ሰው አገር ከቀበረችው ወዲህ ይህች ሴት ለእኔ ወረቀት አባክና አታውቅም። አሁን ምን አስታወሳት? ፖስታውን ገልብጬ አየሁት፤ ወረቀቱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ አየሁት። ከውስጡ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጄን ስም። እሱን ድሮ ከፎቶው ጀርባ ላይ አይቼ ቅርጹን በዓይኔ ይዤዋለሁ።

ከእኔ ጋር የሆስፒታሉን አንሶላ የምትተኩሰውን ሴትዮ ራዲዮ ነው የምንላት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ። «እዚህ ያንን ቋንቋ የሚችል ዶክተር አለ፤ ላስነብብልሽ» አለችኝ። «የወንድሜን ልጅ ኮሌጅ ያስገባሁት ለጌጥ ነው?» አልኳት። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለአንቺ ብዕር ያዋሰሽ ማን ይሆን?» ብላ ሳቀች። ትሳቅ።

ጀርመንኛውን መካከለኛ ደረጃ ደርሻለሁ ብለሽኛል። እንደገባኝ መካከለኛ ማለት ወንዙን እስከ ወገብ መግባት ነው። እስከ ወገቡ የገባ ሰው አንድ ወረቀት ማሻገር አያቅተውም። ስትተረጉሚው ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ። የሚያስቆጣ ካለው ልቆጣ፤ የሚያስለቅስ ካለው ላልቅስ። በእኔ ፋንታ አትዘኚልኝ።

አክስትሽ


ጥቅምት ፳፪

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ደብዳቤዬ ሲደርስዎ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። እኔ በትምህርቴም በጤናዬም ደህና ነኝ። መኝታ ክፍላችን ስምንት ሆነን ነው። ለእኔ የደረሰኝ የላይኛው አልጋ ስለሆነ አምፖሉ ከፊቴ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ለማንበብ ተመችቶኛል፤ ለመተኛት ግን ፊቴን በመጽሐፍ እሸፍናለሁ። ከሆስፒታሉ አርጅቶ የወጣ አንሶላ ካለ ቢልኩልኝ መጋረጃ አደርገዋለሁ።

ደብዳቤውን እንዳዘዙኝ ቃል በቃል ተርጉሜዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«የተከበሩ እመቤት፤ በጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የልጅዎ የመቃብር ቦታ የተሰጠበት ጊዜ በመጋቢት ያበቃል። እኔና የአሁኑ ባለቤቴ ወደ ሌላ ከተማ እንዛወራለን። መቃብሩን የሚንከባከብ ሰው ስለማይኖር ቦታውን ለመመለስ ወስነናል፤ ድንጋዩም ይነሳል። የልጅ ልጅዎ አድጋ ከቤት ወጥታለች፤ እዚያው አቅራቢያ ትማራለች። ሊጽፉላት ከፈለጉ አድራሻዋ ከታች አለ። ይህን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ አሰብኩ። ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር።»

አክስቴ፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው አልገባኝም ነበር። የተሳሳትኩ መስሎኝ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። በዚያ አገር መቃብር ለዘላለም አይሰጥም አሉኝ፤ ለተወሰነ ዘመን ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ዘመድ ቀርቦ ፈርሞ ካላራዘመ ድንጋዩ ይነሳና ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። «ክፋት አይደለም፤ ደንብ ነው» ብለዋል።

ለመልሱ አያስቡ። ዘንድሮ የምንማረው የአቤቱታ ደብዳቤ አጻጻፍ ነው። እስካሁን የጻፍነው ተሰብሮ ስለመጣ ማቀዝቀዣና ጫጫታ ስላለበት ሆቴል ነበር። የእርስዎንም እጽፋለሁ።

ሁልጊዜ የምታከብርዎ የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት ፳፱

ለወንድሜ ልጅ፣

ትጉህ ነሽ፤ ዕድሜ ይስጥሽ። ለአንቺ ያለኝ ምርቃት እዚህ ላይ ያልቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ለእሷ ነው።

እመቤት? የወለድኩትን አግብታ፣ የልጅ ልጄን ወልዳ፣ እመቤት ብላ ጻፈችልኝ? እኔ የማን እመቤት ነኝ? የበሽተኛ አንሶላ ስተኩስ ፀጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። እናቴ ማለት ቢያንቃት የሟች እናት ማለት አቃታት?

ደንብ ነው አሉሽ መምህርሽ። ሞቶ እንኳ ቤት ልቀቅ የሚባልበት አገር! በሕይወት ያለ ሰው ከተከራየበት ሲወጣ ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል፤ የሞተው ምኑን ተሸክሞ ይውጣ? ለራዲዮ ብነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ አጥንቱን የት ያደርሱታል?» አለች። ዝምታዋ ይሻል ነበር።

አሁን የምልሽን ጻፊ። አንድም «እባክሽ» አትጨምሪበት።

«አንቺ ሴት፤ ልጄን ቀበርሽው፤ አላየሁትም። አፈሩን አልነካሁም። ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ እንደ መጥፎ ተከራይ ልታስወጪው ነው። እናቱ በሕይወት እያለሁ ያንን ድንጋይ የሚያነሳ እጁ ይድረቅ። መሄድ ትችያለሽ፤ ባልሽንም ዕቃሽንም ይዘሽ ሂጂ። ልጄን ግን ከተኛበት አትቀስቅሺው። ልጅቷ ትፈርም። እሷ እምቢ ካለች ወረቀቱን ላኪልኝና እኔ እፈርማለሁ። መፈረም እችላለሁ፤ የአውራ ጣት ቀለም አያስፈልገኝም።»

ይኸው ነው። አንሶላውን እየፈለግሁልሽ ነው። ካረጁት መካከል ቀዳዳ የሌለው ማግኘት ከሰው መካከል ቅን ማግኘት ነው።

አክስትሽ


ኅዳር ፳፮

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስዎ። ስለዘገየሁ አይቀየሙኝ፤ የዘገየሁት ግን በመልካም ምክንያት ነው።

ደብዳቤውን ልኬዋለሁ። ደግሞም ደስ የሚል ዜና አለኝ። መምህራችን «እያንዳንዳችሁ አንድ አቤቱታ ጻፉ፤ ይታረማል» ሲሉን እኔ የእርስዎን አቀረብኩ። ሌሎቹ ሁሉ ማቀዝቀዣና ሆቴል ስለጻፉ የእኔ ተለይቶ ወጣ። መምህራችን በቀይ እያረሙ አስተካከሉት፤ ሰው ደንግጦ እንዳይሸሽ አቤቱታ በምስጋና ይጀምራል፣ በወዳጅነት ሰላምታ ይዘጋል አሉኝ። ከሃያ አሥራ ሰባት አገኘሁ! ሦስቱ የቀነሱት ለፊደል ስህተት ነው። በመጨረሻም ለክፍሉ በሙሉ አነበቡት፤ አጨበጨቡልኝ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ «አክስትሽ እንዴት ጨዋ ሴት ናቸው!» አለችኝ።

የታረመው እንዲህ ይላል፦

«የተከበሩ እመቤት፤ ስለ ደብዳቤዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ልጄ መቃብር የገለጹልኝን በሐዘን አንብቤዋለሁ። የሚቻል ቢሆን ጊዜው ቢራዘም ደስ ይለኝ ነበር። ሁኔታዎን ግን እረዳለሁ። በአዲሱ ቤትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር።»

ቁጣዎን እንዳለ ብልከው ኖሮ ተቀይመው ዝም ይሉ ነበር፤ ለዚህ ብዬ ነው። አንሶላው ከተገኘ ቀዳዳ ቢኖረውም ግድ የለኝም።

የምትወድዎ የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ ፭

አንቺ፣

አንቺ ሰላምታ አያልቅብሽም ይሆናል፤ እኔ ዘንድ ግን ድሮውንም ጥቂት ነው የነበረው፤ ያለውንም ለዛሬ አላወጣውም።

የእኔን አንጀት ከሃያ አረማችሁት? በቀይ? ልጄን ይነቅሉብኛል ብዬ ስጮህ ክፍል ሙሉ ሰው አጨበጨበ? ጨዋ አለችኝ! እስቲ ለዚያች ጎረቤትሽ ንገሪያት፤ እኔ ጨዋ አይደለሁም። ጨዋ የሆንኩት ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ ብቻ ነው።

ስሚ። ይህን ለአባትሽም አልነገርኩትም።

ልጄ ሲሄድ ፊደል አላውቅም ነበር። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ደብዳቤዬን እሱ ይጽፍልኛል። እኔ «ልጄ፣ ታምሜአለሁ፤ ብቻዬን ነኝ፤ ተናድጄብሃለሁ፤ ና» እላለሁ። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ልጄ ይመልሳል፤ «እማዬ፣ ደህና መሆንሽን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ እንግዲያው አንድ ዓመት ልጨምር» ይላል። እኔ «ና» እላለሁ፤ እሱ ዓመት ይጨምራል። ልቡ ደንድኗል ብዬ ስንቴ ረገምኩት! አንድ ቀን ጸሐፊውን «እስቲ የጻፍከውን መልሰህ አንብብልኝ» አልኩት። «እኔ እናትህ በጣም ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ ምንም አታስብ» ይላል። «እኔ እንዲህ ወጣኝ?» ብለው «እማማ፣ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ደንብ ነው» አለኝ።

ደንብ።

በማግስቱ የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ቀን ሱቅ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ «አያቴ፣ ብዕሩ ተገልብጧል» እያሉ ይስቁብኛል። ሀ ብዬ ቆጠርኩ። የማንንም አፍና የማንንም እጅ ላለመለመን ቆጠርኩ። በገዛ እጄ የመጀመሪያዋን «ና» ስጽፍ ግን የሚያነባት ሰው አልነበረም፤ ሞቶ ነበር።

አሁን አንቺ ያ ሰውዬ ሆነሽ መጣሽ፤ የጎደለሽ ጃንጥላው ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ወረቀት አሁን በእሷ እጅ ነው፤ እረዳለሁ ብያለሁ! መልካም ቤት ተመኝቻለሁ!

መልሰሽ ጻፊ። አንሶላውን አግኝቻለሁ፤ አልልክልሽም።


ጥር ፳፰

አክስቴ፣

ለመጻፍ የዘገየሁት ስለተቆጣሁ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ ዘንድሮ ምክንያት መፍጠር አላማረኝም።

የምራትዎ መልስ መጥቷል። ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ «ስለተረዱኝ አመሰግናለሁ። ድንጋዩ በመጋቢት መጨረሻ ይነሳል። ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር።» ይኸው። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

እርስዎ ግን ምን አመጡ? ጀርመንኛን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ሂሳብ አያያዝ ልመዘገብ ተሰልፌ ሳለ ክንዴን ይዘው ከሰልፉ ያወጡኝ እርስዎ ነዎት። «ሂሳብ ማንም ይማረዋል» አሉኝ። ሰው ሁሉ እያየን ነበር። ዝም ብዬ ተከተልኩዎት፤ አክስቴ ነዎት። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን «ይህን ቋንቋ ለምን ትማራላችሁ?» ብለው አንድ በአንድ ጠየቁን። አንዱ ለሥራ አለ። አንዷ ለፍቅር አለች፤ ተሳቀ። እኔ «ለመቃብር» ልል ነበር፤ ቃሉን ያኔ አላውቀውም ነበር።

አይቼው ለማላውቀው ወንድሜ፣ ለእርስዎ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ተማርኩለት። ስም ሲጠራ «አለሁ» የምለው በእሱ ፈንታ እየመሰለኝ ነው። እሱ የት እንደተኛ ይጨንቅዎታል፤ እኔ የት እንደምተኛ ያወቁት አንሶላ ስለለመንኩ ነው። በጻፉልኝ ሁሉ «ምን በላሽ?» የሚል አንድ መስመር ፈለግሁ። የለም። «ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ» ግን አለ።

የመካከለኛው ደረጃ ፈተና ደርሷል፤ አልቀመጥም። ወደ ሂሳብ ክፍል ልዛወር ማመልከቻ ጽፌአለሁ። አንሶላዎንም ይተዉት። ፊቴን በመዝገበ ቃላት እሸፍናለሁ፤ ወፍራም ነው።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት ፬

ለወንድሜ ልጅ፣

ምን በላሽ? ይኸው ጠየቅሁ። መልሺ። ጠዋት ምን፣ ቀን ምን፣ ማታ ምን እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ፤ «ደህና ነኝ» የሚል መልስ አልቀበልም።

ደብዳቤሽን ሥራ ላይ አነበብኩት። ካውያውን ረስቼው የአንድ በሽተኛ ትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ራዲዮ ሽታውን ይዛ መጣች።

«ምን አለችሽ?»

«ተቆጣችኝ።»

«እሰይ!» አለች። «ከእናንተ ቤት መውጣቷ ተረጋገጠ። እኔስ ዝም ስትል ሆስፒታል የተቀያየረች መስላኝ ነበር።»

ክንድሽን ይዤ አውጥቼሻለሁ። እውነት ነው። የአንቺ ክንድ መሆኑን እያወቅሁ ነው የያዝኩት። መዛወር ከፈለግሽ ተዛወሪ፤ ከእንግዲህ አልይዝሽም። ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ወረቀት አለብሽ።

ያንን የቁጣ ደብዳቤሽን ደግሜ ደግሜ አየሁት። አንድም «ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» የለበትም። አንድም ምስጋና የለበትም። ታዲያ መጻፍ ትችያለሽ ማለት ነው! ለእኔ በጻፍሽበት እጅ ለእነሱ ጻፊልኝ። ለምራቴ አይደለም፤ እሷ ከተረዳኋት በኋላ ምን ትሰማለች? ለልጅቷ ነው። አድራሻዋን እናትየዋ ሰጥታናለች፤ እኔ ቁጣ ዓይኔን ጋርዶኝ ዘልዬው ነበር።

«እኔ የአባትሽ እናት ነኝ። ተቆጥቻለሁ። የአባትሽን ድንጋይ ሊነቅሉት ነው። እናትሽ ተረዳችኝ ብላለች፤ አልተረዳኋትም። በፊት የደረሳችሁ ደብዳቤ የእኔ አልነበረም፤ ይህ ግን የእኔ ነው። አንቺ ልጁ ነሽ። ሄደሽ ፈርሚ። የማትፈርሚ ከሆነ ለምን እንደማትፈርሚ ጻፊልኝ፤ እሱንም በቁጣ ጻፊው። ቁጣ ይገባኛል።»

በቋንቋቸው ጽፈሽ ለእኔ ላኪው። እኔ በእጄ ገልብጬ ከዚህ እልከዋለሁ። ለመምህርሽ እንዳታሳዪ።

አክስትሽ


የካቲት ፲፪

ለአክስቴ፣

ጠዋት ሻይ በዳቦ። ቀን ሩዝ። ማታ የቀኑ ሩዝ። ሐሙስ ሐሙስ ሥጋ አለ ይባላል፤ እስካሁን አልተገናኘንም።

ጽፌዋለሁ። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስጽፍ መምህራችን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ስህተት አለበት» አሉ።

«አለበት።»

«ላርምልሽ?»

«አክስቴ አይፈቅዱም።»

ትንሽ አሰቡና «አሥራ ሰባት የሰጠሁት ያ ደብዳቤ የእውነት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ነበር አልኳቸው። ወንበር ስበው ትንሽ ተቀመጡና ተነስተው ሄዱ። የእውነት መሆኑን አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የመቃብር ወሬ ይዞ የመጣ ተማሪን አለመጠየቃቸው ደግሞ የእሳቸው ነው።

መዝገበ ቃላቱ ለቁጣ ብዙ ቃል አለው። ክፍል ውስጥ የለመድነው ጫፉ የተከረከመውን ነው። እኔ ለእርስዎ የመረጥኩት ሲሉት ጉሮሮ የሚፍቀውን ነው። ፊደሎቹን ትልልቅ አድርጌ፣ ብዕሩ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አሳይቻለሁ። እንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከመጨረሻው መስመር በታች ባዶ ቦታ አለ። የወዳጅነት ሰላምታ የሚገባው እዚያ ነበር፤ እንደፈለጉ ያድርጉት።

ፈተናውን እቀመጣለሁ። ለእርስዎ ብዬ አይደለም። እስከ ወገብ ከገባሁ በኋላ ልብሴ አንዴ ርሷል።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት ፲፱

ለወንድሜ ልጅ፣

ሥጋው ሐሙስ ሐሙስ የሚሸሸው አብሳዩ ቤት ስለሚሄድ ነው፤ ተከተሉት። ብርታት ይስጥሽ።

ገለበጥኩት። ከሥራ በኋላ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ፊደላቸው ሰነፍ ነው፤ እንደኛ እጅና እግር የለውም፤ አንዱ ከሌላው ተደግፎ ነው የሚቆመው። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ራዲዮ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ «ዶሮ የጫረችው ይመስላል» አለች። «ዶሮ የምትጭረው ስለራባት ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ መብራቱን አስተካክላልኝ ቆመች።

ያንን ባዶ ቦታ ባዶውን ተውኩት። ስሜን ግን በእኛው ፊደል ፈረምኩበት። አይነበብላት ይሆናል። እሱን ማንም እንዲያለሰልስልኝ አልፈልግም።

ፖስታ ቤት ራሴ ወሰድኩት። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ቴምብሩን ስትመታው እጄን ቶሎ ባላነሳ ጣቴን ትመታኝ ነበር።

አንሶላውም በሌላ ጥቅል መጥቶልሻል። ጥግ ላይ የሆስፒታሉ ማኅተም አለበት፤ ወደ ግድግዳው አዙሪው።

አክስትሽ


ሚያዝያ ፭

ለአክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? ይህን ስጠይቅ ደንቡን መጠበቄ አይደለም፤ ይመልሱልኝ።

የልጅ ልጅዎ ደብዳቤ መጥቷል፤ ከወረቀቱ አናት ላይ የጻፍኩትን የእኔን አድራሻ እርስዎም ስለገለበጡት ወደ እኔ ነው የላከችው። አንቺ እያለች ነው የጻፈችልዎ። አንድም ነገር እንዳትለውጪ ስላሉኝ አልለወጥኩም።

«አያቴ፤ ደብዳቤሽ ብዙ ስህተት አለበት፤ ሁሉም ግን ገብቶኛል። እኔም ተቆጥቻለሁ። ልጅ ሆኜ የአባቴ ሰዎች የት አሉ ስል እናቴ አይጽፉም ትለኝ ነበር። ለምን አልጻፍሽልኝም? አድራሻችን ነበረሽ።

«መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ድንጋዩን ነቅለው አጥሩ ሥር አጋድመውት ነበር። ሠራተኛው ጊዜው አልፏል አለኝ። የአንቺን ደብዳቤ አሳየሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበውና ሴትዮዋ የት ናቸው አለ። በጣም ሩቅ ናቸው አልኩት። እንኳን ራቁ አለ። ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ ድንጋዩን መልሰው አቆሙት። ትንሽ ያዘነብላል። ፈርሜአለሁ። አታመስግኚኝ፤ አባቴ ነው። ለምን አሁን ብቻ እንደጻፍሽ ግን መልሺልኝ።»

ይኸው ነው። ሰላምታ የለውም። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ የለም።

እኔም አልፌአለሁ። በቃል ፈተናው ለሚሄድ የሥራ ባልደረባ መሰናበቻ አዘጋጁ ተባልን፤ ጥሩ ተናገርኩ። በጽሑፉ ጫጫታ ስላለበት ሆቴል አቤቱታ ጻፉ አሉን፤ የተኛን የመቀስቀስ ጉዳይ ስለሆነ አልራራሁላቸውም። ያለ ወዳጅነት ሰላምታ ስለዘጋሁት ነጥብ ቀንሰውብኛል።

የሂሳብ ማመልከቻዬን አልቀደድኩትም፤ አላስገባሁትምም። መጋረጃው ጥሩ ነው። ማኅተሙን ወደ ውጭ ነው ያዞርኩት፤ ልጆቹ ሐኪም ቤት እያሉ ነው የሚጠሩት አልጋዬን።

የምትወድዎ የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ ፲፫

ለወንድሜ ልጅ፣

ጉልበቴ ያማል፤ ደረጃ ስወርድ ነው የሚብሰው። ይኸው መለስኩ። አንቺም ሐሙስን ጻፊልኝ።

ነጥብ የቀነሱብሽ ሰዎች አድራሻ ካለ ላኪልኝ።

ደብዳቤዋን ለራዲዮ አነበብኩላት። «አንቺ» የምትለው ላይ ስደርስ «ዓይን አውጣ!» አለች። አንቺ ትበለኝ። እመቤት ከመባል አንቺ መባል ይሻላል፤ አንቺ የሚባል ሰው ቢያንስ በር ላይ አይቆምም። ያዘነብላል ያለችው ግን ወዴት ነው? ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ? ጠይቂያት። እዚያው ቅርብ አይደለች? ሄዳ ታቃናው። ፈረምኩ ብሎ መሄድ ምንድን ነው?

«አድራሻችን ነበረሽ» ብላኛለች። ነበረኝ። በማን እጅ፣ በማን ቋንቋ እንደምጽፍላት ግን ማን ጠየቀኝ? እኔም ተቆጥቻለሁ፤ እሷም ትቆጣ፤ እኩል ነን። ለምን አሁን ላለችው መልስ አለኝ። ረጅም ነው፤ ጃንጥላ አለበት፣ ጸሐፊ አለበት፣ «ና» አለበት። በአንቺ እጅ አልጽፈውም፤ ገልብጬም አልጽፈውም። አንቺ ሂሳብም ተማሪ ጀርመንኛም፣ ማመልከቻሽ በእጅሽ ነው፤ እኔ ክንድሽ ላይ የለሁም። ለእኔ ግን ፊደላቸውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ላኪልኝ፤ ከቀስቱ ጋር። መካከለኛው የአንቺ ነው፤ ጀማሪው የእኔ ይሁን። ስሳሳት በቀይ አስምሪ፤ ከሃያም ስጪኝ። ብቻ አሮጊት ናት ብለሽ ነጥብ እንዳትጨምሪልኝ።

እሷን ጠብቂ በያት። ጽፌ እስክጨርስ ቁጣዋን የትም እንዳትጥለው፤ የቤታችን ነው።

አክስትሽ